ባልሞተ ቤት ለቅሶ አንቀመጥም

ማክሰኞ፣ የኅዳር ወር። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ የቀላቀለ ካፊያ ሲወርድ ዋለ። በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ የተገኘነው እኔ፣ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ፣ ሩቅያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወገን አልማዝና ጓደኞቿ፣ ልጃችን ሐያት፣ ሌሎችም የሰፈሩ ሰዎች ነን። አንተ አልነበርክም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ሰይዴ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለያየን ሁለተኛው ብርድ ገባ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሐያት እዚሁ ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ባዶ አድርጋ ትሄዳለች። የደረጃው መብራት አሁንም በራሱ ይጠፋል፤ አከራዮቹም አሁንም «እናየዋለን» ይላሉ። ታች ያለው ቱርካዊ አትክልት ቤቱን ለልጁ አስረክቧል። ልጁ እንዳባቱ ምርቃት የሚባል ነገር አያውቅም።

ልነግርህ የተነሳሁት ግን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ትራም ማቆሚያው አጠገብ ስላለው፣ ስለ እኛው። ከከተማው ግብር ይመደብለት የነበረው ገንዘብ ጊዜው ሊያበቃ ነው። ምክር ቤቱ ካላደሰው በሩ ይዘጋል። «መሃል ከተማ ትልቁ አለላችሁ» ይሉናል፤ እትዬ ከድጃ በዚያ ጉልበታቸው መሃል ከተማ የሚሄዱ ይመስል! ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ገና ሳይወሰን ሰዎች መጥተው፣ በሚወጣው ዕቃ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። መስኮቱ ሥር ያለው ያንተ ወንበርም ተለጥፎበታል።

ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። ደሴ እያለሁ ከሱቅ የመጣ ወረቀት በእጄ ሳያልፍ እሳት አይገባም ነበር። እዚህም ሆላንድኛን የጀመርኩት በበር ከሚወረወረው የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ነው፤ ከድንችና ከሳሙና አላለፍኩም ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ እጄን ይዘህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ደጃፉ ላይ ቆሜ መግቢያው ስንት እንደሆነ ብጠይቅህ፣ ሳቅህ ሰውን ሁሉ ወደ እኛ አዞረው። «ዘይኑ፣ ግብራችን ከፍሎልሻል፤ ግቢ!» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ከመጋዘኑ ፈረቃ ስትወጣ እዚያ ትመጣለህ፤ አንተ ጋዜጣ ፊትህ ላይ አልብሰህ ታንኮራፋለህ፣ እኔ አነባለሁ። መጀመሪያውም መጨረሻውም ያልተቀደደ መጽሐፍ በሕይወቴ የያዝኩት እዚያ ነው።

ስብሰባ መኖሩን ስንሰማ የምናውቀውን አደረግን። እትዬ ከድጃ ለሁሉም ደወሉ፤ «ማንም እንዳይቀር» አሉ። ሐያት፣ «እማ፣ መናገር የሚፈልግ አስቀድሞ አንሜልደን ማድረግ አለበት። ስሙን ያላስመዘገበ አይናገርም» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ ከተቀመጠ፣ ከዚያ በላይ ምን ይናገራል? አንተ ያረፍክ ሰሞን ሳሎናችን ሞልቶ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ይውል አልነበር? ያ ዝምታ ነው ደግፎ ያቆመኝ። እናም ሄድን። ነጠላችንን ለብሰን፣ የኋላውን ረድፍ ሞልተን፣ እጃችንን አጣምረን ተቀመጥን።

አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ፣ ግብር የሚከፍሉት የቤት ባለቤቶች፣ የሚጠቀሙት ደግሞ ሌሎች እንደሆኑ ተናገረ። ሰብሳቢዋ ወደ እኛ ቀና ብላ አየች። የተመዘገበ ተናጋሪ የለም፣ ከነዋሪውም የቀረበ ተቃውሞ የለም አለችና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ልታልፍ ወረቀቷን ገለበጠች። ለስብሰባው ብላ ከዴልፍት የመጣችው ሐያት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ይኸው እማ፣ ተስማምታችኋል» አለችኝ።

ሰይዴ፣ ያን ጊዜ ዞሬ የእኛን ሰዎች አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል። ልክ ያንተ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጡት። ለካ ሳይሞት ልንቀብረው የመጣነው እኛው ነን! ብድግ አልኩ። ሩቅያ ቀሚሴን ጎትታ፣ «አንቺ ደግሞ ወዴት ነው? ባልሽ ሲሞት እንኳ ድምፅሽ አልተሰማም!» አለችኝ።

«እሱ አንዴ ሄዷል፤ ይሄ ግን አልሞተም» ብያት ወደ ማይክሮፎኑ ሄድኩ።

ሰብሳቢዋ አለመመዝገቤን ነገረችኝ። እኔም በኮልታፋ ሆላንድኛዬ ቀጠልኩ። ዝም ያልነው ስለተስማማን አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ከጎንህ ነኝ ማለት ነው፣ እኛ ከዚያ ቤት ጎን ነን አልኩ። ወደ ሰውየው ዞሬም፣ ቤት ባይኖረንም የቆሻሻውን ግብር እንከፍላለን፣ የአከራዩም ግብር ከኪራያችን ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የሚታደሰው ገንዘብ የእኛም ነው፣ ምጽዋት አልጠየቅንም አልኩት። እስክጨርስ አልተቀመጥኩም። ሰብሳቢዋ ወረቀቷን መልሳ ገለበጠች። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሆነ መናገር የሚፈልግ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በስልክ ይመዝገብ አለች።

ስንወጣ እትዬ ከድጃ ክንዴን ይዘው፣ «ሰይድ ይቺን ምላስ የት ደብቋት ኖሯል?» አሉ። ካፊያው ውስጥ ቆመን ሳቅን።

ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ዝም ብለው ተቀበሉ ግን ከእንግዲህ አይሉንም። አንተንም የማስታውስህ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ አይደለም። እዚያ መስኮት ሥር፣ ጋዜጣ ፊትህ ላይ አልብሰህ፣ እያንኮራፋህ ነው የማስታውስህ፤ ይህንን ከእኔ ማንም ተሸክሞ አያወጣውም።

ረቡዕ ጠዋት ሱብሒ ሰገድኩ። አረጋውያንን የምንከባከብበት ሥራዬ ከሰዓት ስለነበር ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ደረስኩ፤ ሴቶቹም መጡ። ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደወልኩና ስሜን ፊደል በፊደል አስመዘገብኩ። ስልኩን ለእትዬ ከድጃ ሰጠሁ፤ እሳቸው ለሩቅያ፣ ሩቅያ ለአልማዝ። ሰው ሁሉ በሚያንሾካሹክበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዳቸው ስማቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም ቀስ በሉ አላለችንም። ስልኩ ተመልሶ እጄ ሲገባ አመስግኜ ዘጋሁት። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቢጫውን ወረቀት ከጥጉ ጀምሬ በጥፍሬ ላጥኩት፣ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ።