የሃሴት ትሮምቦንና የአቶ ይርጉ ደረሰኝ

ሾርላይን፣ ሲያትል አጠገብ
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሐመልማል፣
ሚኒሶታ

በቅድሚያ አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ትናንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በወንድምሽ በፊሊጶስ ዓይን ላይ እንባ ታይቷል። ምክንያቱ ሽንኩርት ነው። ባለቤቴ ናርዶስ ሌላ ነገር ብትነግርሽ እንዳታምኛት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ወጪው ከበደኝ ብለሽ የልጅሽን የሃሴትን ትሮምቦን፣ ያን ትልቅ የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ፣ አርብ ላከራየሽ ሱቅ ልትመልሺ ዝተሻል። ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ በኤክስፕረስ ፖስታ መጣሁብሽ። ለልጅ ትምህርት ከወጣ ገንዘብ ከፊሉን የሚመልሰውን የስቴታችሁን የትምህርት ታክስ ክሬዲት መመሪያ ዛሬ ባቡር ላይ ሳነብ መውረጃዬን አልፌ ማውንትሌክ ቴራስ ደርሻለሁ። እኛ ዋሽንግተን እንዲህ ያለ ክሬዲት የለንም፤ ሶ፣ በሰው ስቴት ሕግ ሊቅ ሆኛለሁ።

የላክሽልኝን የወጪ ዝርዝር መርምሬያለሁ። ለመምህሯ የጋገርሽው ድፎ ዳቦ ለክሬዲቱ አይያዝም። ፎቶ ለሚነሱበት ቀን የገዛሽላት ቀሚስም አይያዝም፣ ምንም ያህል ቢያምርባት። የትምህርት ቤት ምሳም እንደዚያው። ደብተርና እርሳስ ይያዛል። ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል የተከራየሽው ትሮምቦን ግን፣ እህቴ፣ ይያዛል። በአንቺ ገቢ ከኪራዩ እስከ ሦስት አራተኛው ሊመለስልሽ ይችላል።

አሁን ደረሰኝ የለኝም ልትዪ ነው። ኪራዩን በየወሩ በጎረቤትሽ በአቶ ይርጉ እጅ እየላክሽ፣ "እንዴት ሽማግሌውን ደረሰኝ አምጡ እላለሁ? ሌባ ያልኳቸው አይመስላቸውም?" ብለሽኛል። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ ስለ ይሉኝታ አንድ መስመር የለውም። ከባቡር እንደወረድኩ እሳቸው ጋ ኮል አደረግሁ።

"ደረሰኞቹማ ዳዊቴ ውስጥ አሉ" አሉኝ። "ልሰጣት ስል፣ የተጠራጠርኳቸው መሰላቸው ብላ እንዳትቀየመኝ ፈርቼ ነው።"

ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብራችሁ አንድ ትሮምቦን ልትቀብሩ ነበር። አሁኑኑ ሂጂና በራቸውን አንኳኪ። እየጠበቁሽ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ትናንት ሃሴት ስልኩን ነጥቃሽ "አንክል፣ ሊስን" ብላ የነፋችው፣ አባባ ከሥራ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ያፏጭ የነበረውን ዜማ ነው። እሷ ሳትወለድ ያረፈን ሰው ፉጨት ከየት አመጣችው? አንቺማ ረስቼዋለሁ ትዪ ነበር።

የልጅሽን ትንፋሽ ያርዝምልሽ፤ ለጎረቤቶችሽ ትዕግሥቱን ይስጣቸው።

ወንድምሽ
ፊሊጶስ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ እንባው በሽንኩርት ምክንያት እንደመጣ የተገለጸው ስህተት ነው። በተጠቀሰው ሰዓት በቤታችን ሽንኩርት አልነበረም።