ለእማዬ የተከለከለው እንቁላል

ጡንቻው፣
እማዬን ለካንሰር ሕክምናዋ ይዣት ሄጃለሁ። ጋዙን መዝጋት አትርሳ።

ባለፈው ወር የፕሮቲን ዱቄት እየበጠበጥክ ስትጋት ከረምክ። አሁን ደግሞ አንድ ቪዲዮ አየህና ዶክተር ሆነህ አረፍከው። «ፕሮቲን ካንሰርን ይቀልባል» ስትላት አምናህ እንቁላሉንም ሥጋውንም ተወች። ሰውነቷ ሲያልቅ እኔ መድኃኒቱ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ «ፕሮቲን መቀነስ ለጤነኛ ሰው ገና ያከራክራል፤ እሷ ግን ካልበላች ሕክምናውን አትችለውም» አለኝ። ማን እንደከለከላት ሲጠይቀኝ አፈርኩ። ብረት የሚያነሳ የቤት ጓደኛዬ ነው ልበል?

ፍሪጅ ውስጥ ያለው እንቁላል የእሷ ነው። እጅህን ሰብስብ፤ አፍህንም።

ሁለት ቀቅላልህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። «ልጁ ከስቷል፣ ይብላ» ብላለች።

እኔ አላልኩም።