ከባኞው ስለ ተነሡት ሰባት ዓሣዎች

ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.
ጉለሌ

ለተከበሩ ጓድ ካሣዬ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለሥራዎ ብርታትን እመኛለሁ። በዚህ ወር የእንጦጦ ብርድ ወደ ሰፈራችን ያለ ልክ ስለሚወርድ ያ ግራጫ ካፖርትዎ ከትከሻዎ እንዳይለይ አደራ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም በመዝገብ እንደሚያውቁት በቦታው አለ።

ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ «ቅሬታ ያለው በሆዱ ከሚይዝ ጽፎ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ» ባሉት መሠረት እነሆ ለጥፌአለሁ። ከእኔ በቀር ማንም ያልለጠፈው በቀበሌያችን ቅሬታ የሚባል ነገር ስለሌለ እንደሆነ እረዳለሁ። እኔ ባዶ ጠርሙስ ገዝቼ፣ ወረቀቱን አንሥቼ፣ አጥቤ ለማርና ለዘይት ሻጮች የማቀርብ ነጋዴ ነኝና ሳይጠራ የቀረ ነገር አልወድም። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድም ስላለኝ ቀኖቹን የምጠቅሰው ከዚያው ነው።

፩ኛ. ኅዳር 6 ቀን የቤቶች ኮሚቴዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ በቤቴ ባኞ ውስጥ የተለጠፉት የዓሣ ሥዕሎች በአሥር ቀን እንዲነሡ፣ በባኞው ላይ አንድ ጭረት ቢገኝ ግን ቤቱን እንድለቅ ያዛል። ለባኞው ላሳያችሁት ርኅራኄ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ ቀበሌ አንድ ነገር እንዳይጫር ይህን ያህል ሲታሰብለት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓሣዎቹን በ1961 ከፒያሳ የገዛኋቸው እኔ ስሆን፣ የለጠፈቻቸው ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ጀዊሪያ ናት። ስድስቱ ወደ ቧንቧው ይዋኛሉ፤ ሰባተኛዋ ፊቷን አዙራለች። ባለቤቴ ዘኪያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ይቺን ገልብጠሽ ለጠፍሻት እኮ» ብትላት፣ «አልገለበጥኳትም እማ፣ ቤት የረሳችው ነገር አለ፤ ይዛ ትመጣለች» ብላ መለሰች።

፪ኛ. ትእዛዙን ለመፈጸም የተከተልኩትን ዘዴ ለሌሎች ተከራዮች ይጠቅም እንደሆነ አሰፍራለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ባዩሽ «ምላጭ አምጣና ፋቀው፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንተ ሰውዬ ከዓሣ ጋር ልትከርም ነው እንዴ?» ብላኝ ነበር። ምላጭ ግን የባኞውን ነጭ ቅብ ይቧጥጣል፣ በተቧጠጠው በኩል ዝገት ይገባል። አሸዋና አመድም ያው ናቸው። ስለዚህ ባኞውን በሙቅ ውሃ ሞላሁት። የኅዳር 9 ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ «ከዘኪያ ሞት ወዲህ ተሞልቶ አያውቅም፤ እኔ የምታጠበው በባልዲ ነው። ቤቱ በእንፋሎት ሲሞላ ሦስት ሰው የሚኖርበት መሰለ።»

ውሃውን ካፈሰስኩ በኋላ በምግብ ዘይት የተነከረ ጨርቅ በዓሣው ላይ ለግማሽ ቀን ማስቀመጥ፣ ጠርዙን በጥፍር ማንሣት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ማበጠሪያ ጀርባ ቀስ እያሉ መግፋት ነው። የቀረውን ሙጫ መስኮት ከፍቼ፣ ጨርቅ በጥቂት ነጭ ጋዝ አርጥቤ ጠረግሁና በሳሙና አጠብኩ። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሰባት ቀን ፈጀሁበት፤ በቀን አንድ ዓሣ። የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ አልቸኮልኩም። አንድም አልተቀደደብኝም። ስድስቱን በዘንድሮው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ አደረግኋቸው፤ ፊቷን ያዞረችውን ግን በ1970ው ደብተር፣ የካቲት 11 በሚለው ገጽ ውስጥ አስቀመጥኳት።

፫ኛ. ታኅሣሥ 20 ቀን የንብረት መዝጋቢው ጓድ ፀሐዬ መጥተው፣ ተንበርክከው ባኞውን በእጃቸው ዳሰሱና «እንደ እንቁላል ነው!» ብለው አደነቁኝ። ቀጥለው የ1979ን የንብረት ቆጠራ ገለጡ። እዚያ ላይ «ባኞ ነጭ፣ 1። ዓሣ፣ 7።» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ ሳቢት፣ ባኞው አለ። ዓሣዎቹስ የታሉ?»

በራሳችሁ ትእዛዝ መነሣታቸውን ባስታውሳቸው «ትእዛዙ ይነሡ ይላል እንጂ ከመዝገብ ይውጡ አይልም» አሉኝ። ሰው ነገር እንዲህ ሲያስተውል ደስ ይላል። በሳምንቱም የሕዝብ ንብረት የሆኑትን ሰባት ዓሣዎች እስከ ጥር 20 ቀን ለቀበሌው ዕቃ ቤት እንዳስረክብ፣ ያለዚያ ቤቱን እንድለቅ የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ።

፬ኛ. ይህ ግን ቅሬታ ሳይሆን ተስፋ ነው። ቀበሌያችን አንድ ጊዜ የያዘውን ነገር እንደማይረሳ አሁን ገና ተረዳሁ። የካቲት 11 ቀን 1970፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሁለት የቀበሌያችን ጥበቃዎች የአሥራ ሰባት ዓመቷን ጀዊሪያን «ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ለእራት ትደርሳለች» ብለው ከበራፌ ወሰዷት። ደረሰኝ አልሰጡኝም። አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ቢሮው ተመላልሼ፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ተባልኩ። ዘኪያም ይህንኑ መልስ ይዛ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተች። እግር የሌላቸው ሰባት የላስቲክ ዓሣዎች ከመዝገብ ሳይጠፉ፣ በእግሯ ሄዳ ቢሯችሁ የገባች ልጅ ግን አንድ መስመር አላገኘችም።

እኔ ነጋዴ ነኝና በልዋጭ እንስማማ። እርስዎ «ጀዊሪያ ሳቢት፣ 1» ብለው የት እንዳለች በአጠገቡ ይጻፉልኝ። በሕይወት ካለች ቦታውን፣ አፈር ውስጥ ካለች አፈሩን ይንገሩኝ። በዚያው ቀን ሰባቱንም ዓሣዎች፣ ከፈለጉም የቤቱን ቁልፍ ጭምር ይዤ እመጣለሁ። ይህ ካልሆነ ግን አንዷንም አላስረክብም፤ ጥር 20 ቀን ጥበቃዎችዎ ሲመጡ በሩ ክፍት ይቆያቸዋል፤ መንገዱን ያውቁታል።

ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት በዱቄት ሙጫ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለቃል። ምላጭ እንዳይጠቀሙ አደራ፤ ሰሌዳው የሕዝብ ንብረት ነው።

ለመዝገብዎ ትጋት፣ ለባኞዬ ላሳዩት አሳቢነትና ወደፊትም ለማይነፍጉኝ ትኩረት በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሳቢት ሽኩር
ጠርሙስ ነጋዴ
የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያኔ በቀበሌው ሱቅ የስኳር መዝገብ የሚይዙት እርስዎ እንደነበሩ አልዘነጋሁም። ጀዊሪያ በተወሰደች በሦስተኛው ቀን ዘኪያ ለራሽን ብትሄድ በስማችን አንጻር 3 የሚለውን ሰርዘው 2 ብለው ጠበቋት፤ የሁለት ሰው ስኳር ይዛ ተመለሰች። ስለዚያ ፍጥነትዎ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ እራት የምናቀርበው ለሦስት ነበር።