አያቴ በፍርድ ቤት ያገኙት ዘመድ

ጥር 13፣ ማለዳ

ደብተሬ ሆይ፣ ተንበርክኬ እናዘዛለሁ። የአያቴን የአባባ መርሻን መነጽር የሰረቅሁት እኔ ስንዱ ነኝ። ምክንያት፦ ዶሮ ሳይጮህ ዳዊት ሲደግሙ ጣራው ሊነሣ ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ እንቅልፍ ያስፈልገኛል። ሦስት ቀን ሆነ። ሰይጣን ወሰደው ይላሉ። ሰይጣን እስካሁን አላስተባበለም።

ጥር 15

ጉድ ፈላ! የእህቴ የእትዬ የሺ ሠርግ ቀረ። እጮኛዋ መ/ር ታደሰ የሮቢት ልጅ ነው። ዛሬ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ተቀመጡ። የነሱ ዘር ቆጠራ እንደ ግመል ጭነት ነው፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው መልሶ ይጭናል። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ወገን ጎፍላ የሚባል ሰው ላይ ወደቀ። አበቃ። እህትና ወንድም ናችሁ፣ መጋባት የለም።

የታደሰ አጎት ብቻ ሳቁ። “እኛማ አንዛመድም ብለን ስንሟገት ኖርን። ዳኛው ‘ትዛመዳላችሁ’ አለን፤ ምን ይደረግ!”

አያቴን ሳል ያዛቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ያ ሳል ግን በውሃ የሚለቅ አይመስልም።

እትዬ ከጓዳ አልወጣችም። ቀልድ ወረወርኩላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጾሙ ሊገባ ነው። እኔም ተናደድኩ። ዳኛው ምን አይቶ ነው?

ጥር 18፣ ከት/ቤት መልስ

የአውራጃ ፍ/ቤት መዝገብ ቤት። ሠራተኛው ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። እሱማ ቀላል! ሊቀመንበራችን የመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ ናቸው። “ዛሬ የቃል ጽሕፈት ነው” አልኳቸው። “ፊውዳሎች በርስት ሙግት ሕዝቡን እንዴት እንዳታለሉ ታጠና ዘንድ ትብብር ይደረግላት።” ምላሳቸውን አውጥተው ጻፉት። ከአሥር ስምንት ሰጠኋቸው። በደስታ ማኅተም መቱበት።

ጥር 20

አገኘሁት! ሳስነጥስ ዋልኩ። በንጉሡ ጊዜ የተከፈተ የርስት ክርክር። ከሳሽ መርሻ፣ የራሴ አያት! ተከሳሽ የታደሰ አያት። አያቴ፦ ጎፍላ ቅድመ አያቴ ነው፣ ድርሻዬን ላግኝ። ተከሳሽ፦ ይሄ ከደጋ የወረደ እንግዳ ነው፤ የጎፍላ ልጆች ስም በሚካኤል ወንጌል ተጽፏል፣ ይታይ። ወንዝ ሞልቶ ወንጌሉ አልመጣም። ዳኛው በሦስት ምስክር ለአያቴ ፈረደ።

ያ መሬት ዛሬ በአዋጅ የገበሬ ማኅበሩ ነው። መሬቱ ሄደ፣ ዝምድናው ለኛ ቀረ።

ጥር 23

ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። መሪጌታ ወንጌሉን ከዕቃ ቤት አወጡት፤ እኔ በዓይኔ እንጂ በእጄ እንዳልነካ። በገጹ ጠርዝ መሬት የተሰጣቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ተጽፈዋል። ፊደሉ የጉንዳን መንገድ ነው፣ የመሪጌታ ዓይን አልደረሰበትም። ምን ላድርግ? መነጽሩን ከኪሴ አወጣሁ። አንድ ጆሮው በቀይ ክር የታሰረ ነው።

“የመርሻ አይደለም እንዴ?”

ሰማይ ሰማይ አየሁ። እየሳቁ አደረጉት። ጎፍላ፦ ወንድ ሁለት፣ ሴት አንዲት። አያቴ በችሎት የጎፍላ ልጅ ነው ያሉት የኛ ሰው የለበትም! አንዛመድም! እልል!

ጥር 24

ሮጬ ለሽማግሌዎቹ ልናገር ነበር። እግሬ ደጅ ላይ ቆመ። አያቴ እኮ ችሎት ፊት መጽሐፍ መትተው ምለዋል። ገበያ መሀል “ያ በሐሰት የማለው” ሊባሉ ነው። በአያቴ መሳቅ የእኔ መብት ነው፣ ለገበያ አላካፍልም። ትናንት በእትዬ በር ተቀምጠው አየኋቸው። “የሺ፣ እኔ...” ብለው ጀመሩና ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ።

ወሰንኩ። የመዝገቡንም የወንጌሉንም ቃል በአንድ ወረቀት ገልብጬ ዳዊታቸው ውስጥ አስገባሁ። መነጽሩን ከላይ። ራሳቸው ያንብቡ፣ ራሳቸው ይናገሩ። ዝም ካሉ ግን ሮቢት ራሴ እሄዳለሁ። ይኸው ጻፍኩ።

ጥር 25፣ ማለዳ

ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ዳዊት ተጀመረ፣ ጣራው ተነሣ። መሀል ላይ ዝም። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ኧረ በሚካኤል፣ ምነው ቢያስሉ እንኳ!

የሣጥን ክዳን። ኩታ እየለበሱ ነው። ዱላ አነሱ፤ ለመንገድ ብቻ የሚያነሱትን ዱላ! እትዬን ቀሰቀሷት፤ የሮቢት አውቶቡስ ስንት ሰዓት ያልፋል ይሏታል። እሷ እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች? አልለየሁም። እግራቸው ወደኔ እየመጣ ነው። በቀዳዳ አየሁ፦ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። እንደ ችሎት አስከባሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

“አንደኛ ምስክር፣ ስንዱ! ቅረቢ!”