ማሳው ጦም እንዳያድር

ጥር 21፣ ቢቸና፣ ጠዋት

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የማስተምርበት ት/ቤት ለአስተርእዮ ማርያም ዝግ ነው። ደመናው ከጮቄ ተራራ በኩል እየከበደ መጣ። ይምጣ! ልብሴ ቢበሰብስም ግድ የለኝም።

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደብተርዬ። ግን ስጽፈው ይቀለኛል። አባዬ ካረፈ ዓመት አልፏል። ሞጣ ዳር ያለው ማሳ የእሱ ድርሻ ነበር፤ አሁን የእማዬና የእኔ ነው። ወንድ ልጅ የለን። አምና በሐዘን ምክንያት ሳይታረስ ከረመ። የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ እንደሻው፣ ዘንድሮም ጦም ካደረ እኔ አርሰዋለሁ ብለዋል። አንዴ በሬያቸውን ካስገቡ ማን ያስወጣቸዋል? ርስት በአፍ አይመለስም።

ስለዚህ ድንች እንተክላለን። በልጉ ይግባ እንጂ።

ጥር 24፣ ሞጣ፣ ከቀትር በኋላ

ትናንት በጨው መኪና ላይ ተጭኜ መጣሁ። ወገቤ!

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ የበልጉን ነገር ተናገሩ። በየዓመቱ ዘመኑን ቆጥረው ሰማዩን አይተው ይናገራሉ፤ አገሩም በቃላቸው ይዘራል። የዘንድሮው ሦስት ነገር ነው። ዝናቡ ቀድሞ ይገባል። ውርጭ ሳይሰናበተን አይሄድም። ከዚያ ይሞቃል፣ ዝናቡም ይመለሳል። ታዲያ ገና የመጀመሪያውን ሲናገሩ ግማሹ ምእመን ጋቢውን ሰብስቦ ዘር ሊያወርድ ወደ ቤቱ። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የቀረውን እማዬ ናት ቆማ ሰምታ የነገረችኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ለነገ ደቦ ጠርቼ ጨርሻለሁ።

እማዬ ትንሽ እንቆይ አለች። እንቢ አልኳት። ጠራኋቸው፣ አፍራለሁ።

ጥር 25፣ ሞጣ፣ ማታ

ዘነበ! መሬቱ ረሰረሰ። ጎረቤት በሬውን ይዞ ወጣልን። የማሳውን የታችኛውን ግማሽ ተከልን፤ ለላይኛው የዘር ድንች አልበቃም። አጎቴ ከላይ የራሳቸውን ማሳ ገብስ ሲዘሩ ዋሉ። ሰላም አሉን። ድንቹንም ቆም ብለው አዩት።

እጄ ጭቃ፣ ልቤ ሰርግ ቤት።

የካቲት 12፣ ቢቸና

እማዬ በጨው መኪናው ሹፌር ላከችብኝ። በቅሏል! ፫ኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተምራለሁ ብዬ ምን እንዳስተማርኩ እንጃ። ልጆቹ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ።

የካቲት 17፣ ቢቸና፣ ማለዳ

ደጅ ያደረው የመታጠቢያ ውኃ የበረዶ ቆዳ አውጥቷል። ሣሩ ነጭ። ውርጭ ነው። የእኛ ማሳ ጎድጓዳ ነው፣ ብርድ ይተኛበታል። እናቴ የነገረችኝን ብሰማ ምን ነበረበት?

ማታ። ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ገብሱም ድንቹም በውርጩ ነደደ አለ። ዲሬክተሩ ፈቃድ ሰጡኝ። እንባዬን አይተው ይሆናል።

የካቲት 19፣ ሞጣ

ጥቁር። ሙሉው። ቅጠሉ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል። የአጎቴ ገብስም ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናድጄ አንዱን በእጄ ቆፈርኩት። ደብተርዬ፣ ከታች ያለው ድንች ጤነኛ ነው! ጠንካራ፣ ዓይኑም ያበጠ። ቅጠሉ እንጂ እሱ አልሞተም።

የካቲት 20፣ ሞጣ፣ እኩለ ቀን

እግዚኦ! አጎቴ በሬ ጠምደው መጡ። ማሳው ባዶ ነው ይላሉ፣ ባዶ መሬት ደግሞ ለሚያርስ ነው ይላሉ። ድንቹ አልሞተም ብዬ ቆፍሬ አሳየኋቸው። ከመሬት በታች ያለ ሁሉ ከበቀለ መቃብርም በበቀለ አሉኝ። ማረሻው ቢገባ ዓይኑ ሁሉ ይቆረጣል።

እማዬ፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማ እማዬ፣ ነጠላዋን አገልድማ ከበሬዎቹ ፊት ቆመች። በንጉሥ አምላክ ይቁሙ! ብላ ጮኸች። አጎቴ ጅራፋቸውን እንዳነሱ ቀሩ። በንጉሥ አምላክ ተብሎ አንድ ፈር የሚያርስ ሰው በዚህ አገር የለም፤ ዳኝነት ሳያይ አይንቀሳቀስም። በሬዎቹ ተፈቱ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የመጋቢት መድኃኔዓለም ማግስት መጥተን እናያለን አሉ። አረንጓዴ ካየን የእናትና የልጅ፣ ካላየን እንደሻው ይረስ። ሁለቱም ወገን ተስማማ። የቀረው የመሪጌታ ሦስተኛው ነገር፣ የዝናቡ መመለስ ነው።

መጋቢት 5፣ ቢቸና

የአቦ ዕለት ነው፣ አንድ ጠብታ የለም። ሙቀቱስ መጣ፤ ደረቅ ሙቀት፣ አቧራ የሚያስነሳ። መሪጌታን ዛሬ አልወዳቸውም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መጋቢት 9

ምንም የለም።

መጋቢት 14፣ ቢቸና፣ 9 ሰ.

ከክፍል ነው የምጽፍልሽ። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው! ድምፄ አይሰማም፣ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ ደግሞ ያለቀሰች መምህርት አይተው አያውቁም። ዝናቡ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ውርጩ ሰሞን አይደለም። ሞጣም ዘንቦ ይሆን? ዘንቦ ይሁን።

መጋቢት 28፣ ሞጣ፣ ከሰዓት በኋላ

ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ለማየት ፈርቼ ወደ ኋላ ቀረሁ። እማዬ ጎትታ ወሰደችኝ።

ሁሉም አልበቀለም። ጥግ ጥጉ ራቁቱን ነው። መሀሉ ግን፣ ከጥቁሩ አገዳ ሥር፣ አዲስ ቅጠል! ትንንሽ፣ ፀጉራም፣ ወፈር ያለ አረንጓዴ። አንዱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ጎንበስ አሉና ይኼ ጦም አላደረም አሉ። ሌሎቹም ያንኑ። ማሳው የእኛ ነው። እማዬ እልል አለች። ጾም መሆኑን ረስታ የጠላ ድግስ አለብኝ ልትል ነበር፣ አፏን ያዝኳት።

አጎቴ አንድ ቅጠል በጣታቸው ነካ አደረጉና ሄዱ። ማሸነፌ እንዲህ ዝም ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መጋቢት 29፣ ሞጣ፣ ሊመሽ ሲል

ከማሳችን ሆኜ የአጎቴን አየሁት። ገብስ እንደ ድንች አይደለም፣ አንዴ ከነደደ ነደደ። ሚስታቸው ለእማዬ ነገረቻት፤ የዘሩን ጎተራ ጠርገው ነው የዘሩት። ለክረምት የሚያወርዱት የላቸውም። ለካ ያን ቀን በሬ ጠምደው የመጡት ጭንቀት ይዟቸው ኖሯል። ይህን አውቄ አላዘንኩላቸውም ብል እዋሻለሁ። ደግሞም አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

እሳቸው በሬ አላቸው፣ ዘር የላቸውም። እኛ አምና ሳይዘራ የቀረ የጤፍ ዘር አለን፣ በሬ የለንም። የላይኛው ግማሽ ባዶውን ቁጭ ብሏል። በየዓመቱ ደቦ መለመን ይቻላል?

ቆርጫለሁ። በእኩል ይረሱልን፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈልን፤ ሽማግሌ ባለበት፣ መሬቱ የእናቴና የእኔ መሆኑን በአፋቸው ተናግረው። እማዬ ትጮሃለች። ትጩህ፣ ደግሞ ትበርዳለች። ራሴ ሄጄ ነው የምነግራቸው፣ አሁኑኑ፣ ፍርሃቱ ሳይመለስብኝ። ካባረሩኝም ነገ እመለሳለሁ። ነጠላዬን የት ነው ያስቀመ