ስለ ተጣመመው ሥዕልዎና ስለ ቀረብኝ የበረዶ አገር ዕረፍት

ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሰው መመለስ ወገብ ላይ እንደሚወጣ ስለምገምት ከልቤ ነው የምጠይቀው። ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ፣ በመጠበቂያ አዳራሹ ጣሪያ ላይ እየተንቋቋ የሚዞረው ማራገቢያ፣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ሥራዬ ሥዕልና ፎቶግራፍ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ነው። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት ደንበኞች ፍሬም እንዳደርግላቸው ካመጧቸው ዲፕሎማዎች ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ የዲፕሎማዎቹ ባለቤቶች ይጠየቁልኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በቢሮዎ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ልከተው ብሞክር ሣጥኑ ሞልቶ አልገባ ስላለኝ ነው።

አንደኛ፦ በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ የታላቂቱ ከተማዎ አሮጌ ድልድይ በረዶ ለብሶ የሚታይበት ሥዕል ተሰቅሏል። ድልድዩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለብዙ ሰው ሳሎን ፍሬም አስገብቼዋለሁ። የእርስዎ ግን በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ወርዷል። ከጠዋት ጀምሮ ከፊቱ ተቀምጬ ድልድዩ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ተንሸራተው ወንዝ ሊገቡ ነው እያልኩ ስሳቀቅ ቆየሁና፣ በመጨረሻ አላስችል ቢለኝ ተነሥቼ አቃናሁት። ጥበቃው መጥቶ ግድግዳ መንካት ክልክል መሆኑን በትሕትና ነግሮ ወደ ወንበሬ መለሰኝ፤ ልክ ስቀመጥ ሥዕሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ሁለት ሚስማር የሚያስፈልገውን ሥዕል በአንድ ሚስማር በመስቀል ላሳዩን የቁጠባ አርአያነት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ በመስኮቱ ማዶ ያለችው ወጣት ሠራተኛዎ፣ ሰው ሁሉ ሙቀት ፍለጋ በሚሄድበት ወቅት እኔ ወደ ብርድ ለምን እንደምሄድ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ለጤናዬ መጨነቋን አደንቃለሁ። ነገር ግን ተዘጋጅቻለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከብርድ ልብስ ካፖርት ሰፍቶልኛል፤ ለብሼው ብቅ ስል ታላቅ እህቴ አልጋ ተነሥቶ የሄደ መሰላት። በረዶ ላይ እንዳልወድቅም እንደ ዳክዬ መራመድን ከቤቴ እስከ ወርክሾፔ ስለማመድ፣ የሰፈሩ ሰው ምን ነካው ብሎ ሊጠይቅ ቤት ድረስ መጥቷል። የጉብኝት ዕቅዴንም ለሠራተኛዎ በዝርዝር አስረድቻለሁ፤ በመጀመሪያ ድልድዩ በእውነት ቀጥ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ትልቁን ሙዚየም ማየት፣ ማለቴ ሥዕሎቹን ሳይሆን ፍሬሞቹን፣ ከዚያ መብራት በደረደሩበት የበረዶ ሜዳ ዳር ቆሞ ሲንሸራተቱ የሚወድቁትን መቁጠር። ሠራተኛዎ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ በረዶ ከሆነ ነገሩ በስልክም እንደሚታይ መከረችኝ። ስለ ምክሯ አመሰግናለሁ፤ በስልክ የሚታየውንማ ሳየው ከርሜ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ሦስተኛ፦ ዕረፍቱ ሲያልቅ በእርግጥ ትመለሳለህ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ አፍ ስላለኝ፣ ምግባችሁን ቀምሼ እወስናለሁ አልኳት። ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እሷ ጻፈች። ቀልዴን በሙሉ እንደዚያ ተጠንቅቆ የጻፈልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። በሳምንቱ በእርስዎ ፊርማ የደረሰኝ ወረቀት፣ አመልካቹ ወደ አገሩ ለመመለስ በቂ ምክንያት እንዳለው አላስረዳም ይላል። ሚስት የለኝም፣ የወለድኩት ልጅ የለኝም፣ ወርክሾፑም የኪራይ ነው፤ እውነትም በወረቀት ላይ ስታይ የትም ብቀር የማልታወቅ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ራሴ ይህን ስለገለጹልኝ ባለውለታዬ ነዎት።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ አፌን ልሰብስብ። በዚያ ብርድ የምሄደው የወንድሜን ልጅ ለማየት ነበር። አባቷ ሲሞት ገና ጥርሷን አልቀየረችም፤ እናቷን አታስታውስም። ያደገችው በእኔ ወርክሾፕ፣ ፀጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ ይዛ፣ የቤት ሥራዋን በመስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እየሠራች ነው። ቀጭን ስለነበረች ሚስማር አልኳት፤ እሷም ጭንቅላቴ አራት ማዕዘን መሆኑን አይታ ካርቶን አለችኝ። ወደ እናንተ ከተማ ከሄደች በኋላ እንኳ የስልክ ሰላምታችን ይኸው ነበር። "ሚስማር፣ ዛግሽ እንዴ?" እላለሁ። "አንተ ካርቶን፣ እስካሁን ዝናብ አላገኘህም?" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ደኅና መሆኗን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር።

የምትሠራበት የሕፃናት መዋያ በበረዶው ወቅት ለዕረፍት ይዘጋል። በሌላው ጊዜ ሕፃናቱ አኮላትፈውም ቢሆን ስሟን ይጠሩላታል። በዕረፍቱ ግን ከተማው በሙሉ ወደየቤተሰቡ ገብቶ በሩን ይዘጋባታል። ያለፈውን ዓመት ዕረፍት ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳታወራ አሳልፋው፣ ሥራ ስትመለስ የገዛ ድምጿ እንዳስደነገጣት እንደ ቀልድ ነገረችኝ። እኔ ቀልድ አውቃለሁ፤ ያ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ደውዬ "ሚስማር፣ ዛግሽ እንዴ?" ስላት "እሺ ጋሼ" አለችኝ። ለጥያቄው መልስ እንኳ አይደለም። በሚቀጥለውም ስደውል እሺ ጋሼ፤ በሚቀጥለውም። ያች ልጅ በሕይወቷ እሺ ብላኝ አታውቅም።

ታዲያ ይህን በመስኮቱ ለምን አልተናገርክም ይሉኝ ይሆናል። ቅጽዎ ላይ ለጉዞ ምክንያት የተሰጡት ሣጥኖች ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምናና ጉብኝት ናቸው፤ "እሺ ስላለችኝ" የሚል ሣጥን አጣሁና ጉብኝት ላይ ምልክት አደረግሁ። ደግሞም ጉዳይዋን ሰው እንዲያውቅባት የምትወድ ልጅ አይደለችም። ይህን በጋዜጣ ማውጣቴን ስትሰማ ትቆጣኛለች፤ እንድትቆጣኝም ነው የምጽፈው። ቪዛው መከልከሉን ስነግራት እንኳ "እሺ ጋሼ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ይጠራል እንጂ አይነሣም። ዕረፍቱ ደግሞ ተጀምሯል።

አምስተኛ፦ የአዳራሽዎ ወንበሮች እርስ በርስ በብረት የተያያዙ በመሆናቸው፣ ጫፍ ላይ ያለው ወፍራም ሰውዬ በተነሣ ቁጥር እኛ የቀረነው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በር እየተንኳኳ ነው። ልብስ ሰፊው መሆን አለበት፤ ካፖርቱን ፈትቶ ወደ ብርድ ልብስነቱ ሊመልስልኝ ቃል ገብቶ ነበር።

ልብስ ሰፊው አይደለም። ስለ ወንበሮቹ የጀመርኩትንም አልጨርሰውም።

በሩ ላይ የቆመችው ሚስማር ናት፤ በዚህ ሙቀት የበረዶ አገር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ። እንደምንም ብዬ በረዶውን የት አደረግሽው አልኳት። "እሺ ጋሼ" አለችና በአጠገቤ አልፋ ገባች። ተመልሳ ትሄድ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። አሁን ሶፋው ላይ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ካፖርቷን ሳትፈታ ተኝታለች።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ቪዛው ይቅርብኝ። አላስረዳም ያሉት የመመለሻ ምክንያቴ ግን ይኸው በገዛ እግሩ መጥቷልና ከፋይሌ ጋር ይያያዝልኝ። መሥሪያ ቤትዎ እኔ ሄጄ እንዳልቀር ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ሄደው ከቀሩት መካከል አንዷን እንኳ እንዴት ሰነበትሽ ብሎ የጠየቀ ሰው በከተማው ይኖር እንደሆነ፣ ወገብዎ ፋታ ሲሰጥዎ ቢያጣሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ለመልካም መስተንግዶዎ፣ ለመስታወትዎ ጥራትና ለማኅተምዎ ጥንካሬ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የትም ቢቀር የማይታወቀው፣
ፍሬም ሠሪው አጎት

ማስታወሻ፦ ሁለተኛውን ሚስማር እኔ በነፃ እችላለሁ ብዬ ልዘጋ ስል፣ ለካ ልጅቱ ነቅታ ከኋላዬ ቆማ ደብዳቤውን ስታነብ ኖሯል። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ቁጣዋን ለመቀበል ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። እሷ ግን "ሥዕሉ ምንም አልሆነም፤ የተጣመመው ያንተ አንገት ነው፣ ካርቶን" አለችኝ። ሳትስቅ ነው ያለችው። ግን ብላዋለች። ስለዚህ በአንደኛ ቁጥር ያቀረብኩትን ቅሬታ አንሥቻለሁ። የቀሩት እንዳሉ ናቸው።