በጾም ሳልቀምሰው ያቀረብሁት ግብጦ

ለውድ ወንድሜ ለጌታሁን፣

ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? የጅግጅጋው ንፋስ ተስማማህ ወይስ አሁንም ፊትህን ይልጠዋል? ባለቤትህ ሀኒስ እንዴት ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከነነፍሳችን አለን። እንደ ወትሮው ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን ልዋሽህ አልችልም። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። እንደው ምን ብዬ እንደምጀምርልህም ጨንቆኛል።

በጥር ጽፌልህ ነበር፤ እማማን ፍኖተ ሰላም ወስደን ሐኪሙ ስኳር አለብዎት እንዳላቸው። ኪኒን ሰጣቸውና እንጀራውን ቀንሱ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ ጠላ ይቅርብዎት አለ። በምትኩ ሥጋና ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ይብሉ ሲላቸው እማማ ሳቁ። ወተትና እንቁላል በአፋቸው ከዞረ ከንፈራቸው እንደሚያብጥ፣ ገላቸው ሁሉ እንደሚንደበደብ፣ ጉሮሯቸው እንደሚዘጋ ነገርሁት። ቅቤ የገባበት ወጥም ያው ነው አልሁት። ሐኪሙም፣ እንግዲያው ሥጋና ጎመን ይሁንላቸው አለኝ። አንተ ደግሞ ይህንን ሁሉ እያወቅህ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ትልካለህ! እንዴት ረሳኸው፣ አንተ ልጅ? ለጎረቤት አራስ ሰጥቻታለሁ፤ እንዳይከፋህ።

እስከ ቅበላ ድረስ በሥጋና በጎመን ደህና ይዘን ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ጉድ ፈላ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ዓለምብርሃን፣ የታመመ ሰው ሰዓት አይጠብቅም፣ ሥጋውንም ይብሉ ብለው ፈቅደውላቸው ነበር። እማማ ጠዋት መብላቱን እሺ አሉ፤ ሥጋውን ግን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። በሁዳዴ ሥጋ በልቼ በየትኛው ዐይኔ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ አሉኝ። እንግዲህ እንጀራ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ምን ላብላቸው? ጎመን በኑግ፣ ጎመን በሰሊጥ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት። ፍየል አደረግሽኝ እኮ እያሉ ይስቁብኛል፤ ቀሚሳቸው ግን በየቀኑ እየሰፋቸው ሄደ።

ቡሬ ገበያ ቅመም የምትሸጠውን ናዚፋን ታውቃታለህ፣ የከድርን ሚስት። ከድርም ስኳር አለበት። ጭንቀቴን ባጫውታት ለባሏ የምትሠራውን ነገረችኝ። ግብጦ መራራ ነው እንጂ እንደ ሌላው እህል ስኳር አያወጣም፤ ቆልተሽ ወንዝ ውስጥ ሳምንት ዘፍዝፊው፣ ልጠሽ አድርቂውና አስፈጪው፤ እንዳይፈረካከስ ተልባ ጨምረሽ አቡክተሽ ቂጣ ጋግሪላቸው፤ እንቁላሉም ወተቱም አያስፈልገውም አለችኝ። ደግሞ ጠበቅ አድርጋ፣ እየቀመስሽ እዪው እንጂ ምሬቱ ፈጽሞ ሳይለቅ ከወንዝ እንዳታወጪው አለችኝ። ይህን ቃሏን አልሰማሁም አልልህም፤ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ግብጦውን ቆልቼ በጆንያ አድርጌ፣ ድንጋይ ጭኜበት ወንዝ ውስጥ አስቀመጥሁት። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ እየተመላለስሁ አገላበጥሁት። ለወትሮው በመስከረምና በጥቅምት ስንዘፈዝፈው ሰባት ቀን ይበቃዋል፤ ውሃው ሙሉ ነዋ። ዘንድሮ በመጋቢት ወንዙ ደርቆ፣ ያለችውም ውሃ ቆማ ነው የከረመችው። እኔ ቀኑን ቆጠርሁ እንጂ ውሃውን ልብ አላልሁትም። አትቀምሺውም ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። ጾም ነዋ ጌታሁን! ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን፣ እህል በአፌ አይዞርም። የወጡን ጨው እንኳ በማሽተት ነው የምለየው፤ እማማ ያሳደጉን እንደዚያ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የራሴን እንጀራ ጎርሼ ጋደም እላለሁ። የእሳቸውን ቂጣ እንዳላጎድልባቸው ብዬ ፍርፋሪውን እንኳ አልነካሁም።

ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያውን ቂጣ በአዋዜና በነጭ ሽንኩርት አቀረብሁላቸው። ቀስ ብለው በሉና እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ሐሙስም በሉ። ደስ ብሎኝ ለባሌ ለወንዳወቅ መድኃኒቱን አገኘሁት ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት። እሱም ያን ዕለት፣ አንቺስ ሐኪም መሆን ነበረብሽ አለኝ። ዓርብም በሉ። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ያምሮት፣ ዐይኔ ላይ ጉም ወረደብኝ አሉኝ። አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ተሳሰረ። ደረታቸውን ብነካ ልባቸው ይደልቃል። ልነሣ ብለው ሲሞክሩ እግራቸው ከዳቸውና ምድጃው አጠገብ ወደቁ።

ወንዳወቅ ጎረቤት ጠርቶ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው፤ እዚያም መኪና አግኝተን ፍኖተ ሰላም ደረስን። መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ይዤ፣ ስኳሩ ነው፣ ስኳሩ ሊወስዳቸው ነው እያልሁ አለቀስሁ። ሐኪሙ ለካና ስኳራቸው ደህና ነው፣ ምን በልተው ነው አለኝ። ሲርባቸው ብዬ ቂጣውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ ነበርና አውጥቼ አሳየሁት። ቀምሰሽዋል ወይ አለኝ። ጾሜን ተውሁና ቆርሼ ጎረስሁት። ወንድሜ፣ እሬት ነው! እሬት! ሐኪሙ ይሄ ምሬት መርዝ ነው፣ ትንሽ ቢጨምሩበት ኖሮ አይተርፉም ነበር አለኝ። በገዛ እጄ፣ ጌታሁን፣ ሦስት ቀን ሙሉ መርዝ አጎረስኋቸው።

ሁለት ቀን አስተኝተው መለሱልን፤ ተመስገን። ዐይናቸው ሲገለጥላቸው እግራቸው ሥር ወድቄ፣ ሲመርዎት ለምን ዝም አሉኝ አልኋቸው። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ መርሮኝ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ጆንያ ስትጎትቺ እያየሁ እንዴት ብዬ መረረኝ ልበልሽ አሉኝ። ግብጦውንስ ተወው፤ አሁን እየቀመስሁ፣ ምሬቱ ሲለቅ ብቻ ነው የማወጣው። ቄስ ዓለምብርሃንም ለበሽተኛ ብለሽ ቅመሺ፣ በእኔ ይሁንብሽ ብለውኛል። እኔ የምፈራው እማማን ነው። እጁን የዘረጋላቸውን ሰው እምቢ ማለት አያውቁም። የቀረበላቸውን ሁሉ እጅሽ ይባረክ ብለው ይበሉታል።

ፋሲካ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀረው። አክስታችን ሸጋዬ ከገበዝ ማርያም ሊመጡ ነው። ቅቤና እንቁላል አጠራቅመውላቸዋል አሉ። እህቴን እንዲህ ያመነመናት ቅቤ ማጣት ነው፣ ሐኪም ምን ያውቃል ይላሉ አሉ። ዶሮው ተሠርቶ ሲቀርብ ዘመድ ሁሉ በየተራ ሊያጎርሳቸው ነው። እማማ ደግሞ አፋቸውን ይከፍታሉ። አምና በጎረቤት ክርስትና አንዲት ጉርሻ ዶሮ ወጥ አፍረው ተቀብለው እንዴት እንደነበሩ ልንገርህ? ፊታቸው እንዳለ አብጦ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ በመርፌ ተረፉ። ያኔ ግን ጠንካራ ነበሩ፤ አሁን አቅም የላቸውም። ማታ ማታ ያንን እያሰብሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንቺ አትከለክይም ወይ እንዳትለኝ። ማን ይሰማኛል? የግብጦው ነገር አገር ሁሉ ደርሷል። እናቷን በግብጦ ልትፈጃት ነበር እየተባልሁ ነው። አሁን ደግሞ የፋሲካ ዕለት የአክስቴን እጅ ብይዝ፣ ጭራሽ በረሃብ ልትገድላት ነው ይሉኛል፤ አፌን የምከፍትበት ፊት የለኝም። ወንዳወቅም አማች ነው፤ በአማቹ ገበታ ላይ ምን ብሎ ይናገራል? አንተ ግን ወንድ ልጃቸው ነህ። አክስታችንም ያሳደጉህ ናቸው፤ አንተ ብትላቸው አይከፋቸውም። ልብስም አልፈልግ፣ ስጦታም አልፈልግ። ለስቅለት ድረስልኝና የፋሲካ ዕለት ከጎናቸው ተቀመጥ። እጅ በተዘረጋ ቁጥር እማማ ይህ አይሆናቸውም በልልኝ። እኔ የሚበሉትን ለይቼ አዘጋጃለሁ፤ የበጉን ጥብስ ያለ ቅቤ፣ ጎመኑን፣ ደህና አድርጌ የቀመስሁትን ቂጣ።

ወንዳወቅ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ልጆቹ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ነዝንዘውኛል፤ ጉልበትህን ስመዋል። ቄስ ዓለምብርሃን በጸሎት አስብሃለሁ ብለዋል። ናዚፋና ከድር ሰላም በይልን ብለዋል፤ ናዚፋ ምስኪን እኔ ነኝ ያመጣሁባችሁ እያለች ታለቅሳለች። ለሀኒ ሰላምታዬ ይድረሳት።

እማማም ስጽፍ አይተው ለማን ነው አሉኝ። ለጌታሁን ነው አልኋቸው። ደህና ነኝ በይው፣ ምንም አልሆንሁም፣ ሥራውን ትቶ እንዳይመጣ አሉኝ። ያንን ቂጣ ሦስት ቀን ሲበሉም እንዲሁ ደህና ነኝ ይሉኝ ነበር። ና።

እህትህ ያምሮት
ቡሬ፣ መጋቢት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.